ጠጠሩ እስከ ደጃፍ

ንፋስ መውጫ
ግንቦት 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአምሳሉ፤

እንደምን ከርመሃል? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛን እንደሆነ ነፋሱ እንደለመደው ይዞን ሊሄድ ይታገለናል፤ እስካሁን አልተሳካለትም።

ማን ጻፈልሽ ብለህ ለጠየቅከው፣ ማንም አልጻፈልኝ። በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳት ፊደል ናት፤ ተጣመመች ብለህ እንዳትስቅ። ከእንግዲህ ደብዳቤህን ለጎረቤት አስነብቤ ገመናዬን አልሰጥም። የምትጽፈውን ሁሉ እኔው ራሴ ስለማነበው ያለ ሐሳብ ጻፍልኝ።

ልጅሽ ጽፎልሻል ወይ ላልከው፣ ዋሴ ከጥምቀት ወዲህ አልጻፈም። ጦሩ ያለው አንተ ከምትሠራበት ሩቅ አይደለም ይሉኛል። አንተ ደግሞ በመንገድ ሥራ መኪና የማትደርስበት የለም፤ እባክህ ጠይቅልኝ። ሲወስዱት “እግሩን እኮ ይጎትታል” ብላቸው “ጣቱ ደህና ነው” ያሉኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልግባ። ከዋናው መንገድ ወደ ቤቴ የሚወጣውን ዳገት ታውቀዋለህ። ዋሴ ባለፈው መስከረም፣ ለከርሞ ክረምት በጭቃው እንዳልወድቅ ብሎ፣ መንገድ ጠጋኞቹ የጣሉትን ትራፊ ጠጠር በአህያ እያመላለሰ አለበሰው። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ መጥቶ ደጃፌ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው የወሰዱት። ይኸውልህ አሁን የበልጉ ዝናብ ጠጠሩን ወደ መንገዱ ይዞት ይወርዳል። በአካፋ አፍሼ እመልሳለሁ፤ ሌላ ዝናብ ሲመጣ ተመልሶ እዚያው ነው። ለእግሬ ብዬ አይደለም፣ አምሳሉ። ያ ልጅ በእጁ የበተነው ነው፤ እሱ ሳይመለስ ጎርፍ እንዲወስደው አልፈልግም። እናንተ መንገድ ሠሪዎች ጠጠርን ምን ብላችሁ ነው በቦታው የምታስቀምጡት?

ሌላም ልጽፍልህ ያሰብኩት ነገር ነበር፤ ለደብዳቤ አልሆን አለኝ። ይቆይ።

እኅትህ ላቀች


ከረን
ሰኔ 6 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለእትዬ ላቀች፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? እኔ ደህና ነኝ። ፀሐዩ አክስሎኛል፤ ብታዪኝ ልጅነቴን ካላስታወስኩሽ በቀር ደጅሽን የምትከፍችልኝ አይመስለኝም። ፊደልሽን በካምፑ ላለው ሰው ሁሉ አሳየሁ። ከእኔ ጽሕፈት ይሻላል ያለም አለ፤ ከሱ ጋር መነጋገር ትቻለሁ።

ዋሴን በተመለከተ፣ ክፍሉ የት እንዳለ አንድ የማውቀው ሾፌር ሊያጣራልኝ ቃል ገብቷል። ሳገኘው ጆሮውን ቆንጥጬ አጽፈዋለሁ። ሰላምታሽንም አደርሳለሁ።

ጠጠሩን አትውቀሺው። ጥፋቱ የውኃው ነው፤ ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል። መጀመሪያ ከቤቱ በላይ ቦይ ቆፍሪ፤ የጋራውም የጣራሽም ውኃ በመንገዱ ላይ ሳይሆን በጎን እንዲወርድ። ከዚያ ጠጠሩን ጠርገሽ አንሺና ለስላሳውን አፈር ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ድረስ ቆርጠሽ ጣይው፤ በጭቃ ላይ የተበተነ ጠጠር ይሰምጣል እንጂ አይቆምም። ከሥር ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ደርድሪ፤ ደቃቁን ከላይ መልሺ። ከወንዝ የተለቀመ ድቡልቡል ድንጋይ እንዳታስገቢ፣ እሱ መንከባለል እንጂ መቀመጥ አያውቅም። እርስ በርሱ የሚናከሰው ጥርስ ያለው ድንጋይ ነው። ግራና ቀኙን ረዘም ያለ ድንጋይ ግማሹን ቅበሪለት፤ ከድንጋዩ ኋላ ሰርዶ ትከይ። ዳገቱ በሚበረታበት ላይ ደግሞ መንገዱን የሚያቋርጥ ግንድ አጋድሚ፤ እንደ እርከን ሆኖ ጠጠሩን ይይዘዋል።

ይህን ካደረግሽ ጠጠርሽም እንደ ሞኝና እንደ ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ለደብዳቤ አልሆን ያለሽ ነገር ምንድን ነው? ታመሽ እንደሆነ አትደብቂኝ።

ወንድምሽ አምሳሉ


ንፋስ መውጫ
ሰኔ 30 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአምሳሉ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ክረምቱ ገብቶብናል። ጎረቤቴን የሺን ታስታውሳታለህ፤ እሷና ባልዋ ጓዴ ባይኖሩ ኖሮ የምሠራው አልነበረም። ቦዩን ጓዴ በድጅኖ ቆፈረልን፤ እኛ ሁለታችን ድንጋዩን ቀበርን። ገበያተኛው በዋናው መንገድ ሲያልፍ እየቆመ ያየናል። አንዱ “ላቀች መኪና ልትገዛ ነው መሰል” አለ። የሺም “ገዝታለች፤ ጎማው እስኪመጣ ነው የምትጠብቀው” አለችው። እሷ ባትኖር ሳቅ የሚባል ነገር ከዚህ ቤት ይጠፋ ነበር።

አልታመምኩም። ከጠየቅከኝ ግን ልንገርህ።

ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ፣ በቀትር፣ በጠጠሩ ላይ የሚሄድ ሰው እሰማለሁ። ኮሽ ይላል፤ ቀጥሎ ኮሽሽ ብሎ ይጎተታል። ያንን እግር ከዋሴ በቀር ማን አለው? ከታች ከመንገዱ ተነሥቶ ይመጣል፣ ይመጣል፣ ጠጠሩ የሚያልቅበት ጋ ሲደርስ ዝም ይላል። ወጥቼ አያለሁ፤ ማንም የለም። ውሻው አይጮህበትም። ጆሮውን ቀስሮ ወደ ባዶው መንገድ እያየ ጅራቱን ይቆላል።

ለንስሐ አባቴ ለቄስ ገብረ ሚካኤል ነገርኳቸው። “ቀትር ብዙ ያሰማል ልጄ፤ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ” አሉኝ። ደገምኩ። ስደግም ድምፁ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ አሜን ስል ደግሞ ኮሽ ይላል።

እኔ አልፈራሁትም። ልጄን ምን ብዬ እፈራዋለሁ? የሚያስፈራኝ መንገዱ እያለቀበት መመለሱ ነው። ያ ያልለበሰው ቦታ ላይ ቆሞ ደጃፌን እያየ ይመለሳል። ለዚህ ነው ጠጠሩ እንዳይሄድብኝ የማለቅሰው፤ ከታች በተሸረሸረ ቁጥር እሱም የሚደርስበት ያጥርበታል። እስከ ደጃፌ ማድረስ አለብኝ። ከታች አንሥቼ ወደ ላይ እንዳልወስድ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆንብኛል። ምን ላድርግ?

እብደት ከመሰለህ ቅደደው። የጠየቅኩህን ግን መልስልኝ። የዋሴንስ ነገር ሾፌሩ ምን አለህ?

ላቀች


ከረን
ሐምሌ 22 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእትዬ ላቀች፤

እንደምን አለሽልኝ? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ልልሽ ነበር፤ እውነቱ ግን እየጀመርኩ ስቀድ ነው የሰነበትኩት። የጻፍሽልኝን እብደት ነው አላልኩም። አልቀደድኩትም፤ ኪሴ ውስጥ ነው።

ለጠጠሩ ሌላ መላ አለ። በዚህ ሰሞን በአንድ ቦታ ጎርፍ አፈሩን እየበላ ያስቸገረኝን ነገር የያዝኩት በዚህ ነው። ቀይ ሸክላ አፈር ከአመድ ጋር ቀላቅለሽ በጠጠሩ መሐል አፍስሺ። ውኃ አርከፍክፊበት። ወፍራም ግንድ ቆርጠሽ እጀታ ግጠሚለትና በዚያ ጠቅጥቂው። እግር ሲያርፍበት ድምፅ እስከማይሰጥ ድረስ ጠቅጥቂው። የሚጮህ ጠጠር ገና አልተኛም ማለት ነው። ከተኛ በኋላ ጎርፍም አይቀሰቅሰው።

ከታች ጀምረሽ እስከ ደጃፍሽ እንዲህ አድርጊው። አደራ።

የሺ አንቺ ዘንድ ታድራለች? ካላደረች እባክሽ ትደር። ቄስ ገብረ ሚካኤል በከተማው አሉ ወይስ ለፍልሰታ ሱባዔ ይወርዳሉ? ውሻሽስ ሊነጋጋ ሲል ይታሰራል ወይስ ይለቀቃል? እንዲሁ ነው የጠየቅኩሽ። ወደዚያ ለመምጣት የይለፍ ወረቀት አመልክቻለሁ፤ ይሰጡኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እህል ቅመሺ። ጾሙ እንዳይጎዳሽ።

አምሳሉ


ንፋስ መውጫ
ነሐሴ 18 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአምሳሉ፤

እንኳን ጾሙን በሰላም አስፈታህ። እኔም ፈትቻለሁ፤ የሺ በግድ አጉርሳኝ ነው እንጂ አፌ እምቢ ብሎ ነበር።

የጠየቅከኝን በየተራው ልመልስ። የሺ ታድራለች፤ ካንተ ደብዳቤ በፊት ራስዋ መኝታዋን ይዛ መጣች፤ ጓዴ ያንኮራፋል ብላ። አባ ገብረ ሚካኤል ከተማ ናቸው፤ ሰሞኑን በደጄ ባለፉ ቁጥር ሳይገቡ አይሄዱም፤ ሲገቡም ወሬ አያወጡም። ውሻው አይታሰርም። የማውቀው አምሳሉ ስለ ድጅኖና ስለ አካፋ ነበር የሚጠይቀኝ።

ስለ ዋሴ አንድ ቃል አልጻፍክም። ረስቶት ነው አልኳት ለየሺ። አዎ ረስቶት ነው አለችኝ። ቶሎ ነው ያለችኝ።

ሸክላውን ከታች እስከ መሐል ሠራሁት። እንዳልከው ተኛ፤ ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድበት አንዲት ጠጠር አልተነሣችም። ሙያህን አልንቅም። ግን በቀትር ቁጭ ብዬ ብጠብቅ ከታች ምንም አይሰማም። በገዛ እጄ አስቀረሁት ብዬ ላለቅስ ስል፣ ሸክላው ካለቀበት ከመሐል ተነሣ። ኮሽ፣ ኮሽሽ። ለካ በዚያ ዝም ባለው ላይ ሲመጣ ኖሯል፤ እኔ አልሰማሁትም። ልጄ ሲመጣ ካልሰማሁት ምኑን እናት ሆንኩት?

ስለዚህ የቀረውን በራሴ መላ ይዤዋለሁ። ግድግዳ ሲማገር አይተሃል አይደል? የባሕር ዛፍ ልምጭ እንደ ማገር አግድምና ቁም አድርጌ፣ በልጥ አስሬ፣ መሬቱ ላይ አነጠፍኩና በየዓይኑ ጠጠር ሞላሁበት። እያንዳንዱ ዓይን የራሱን ጠጠር ታቅፎ ይቀመጣል። ጎርፍ አያወጣውም፤ ሲረግጡት ግን ይናገራል። የጎደለኝን ጓዴ ከማዶ ጥቁር ድንጋይ እየፈለጠ አመጣልኝ፤ ጥርስ ያለውን። ያ ባዶ ቦታ እየጠበበ ነው። እሱም በጠበበ ቁጥር ይጠጋል።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። መንገድ ሠሪ ሆነህ ለእኔ ለምን ድምፅ የሌለው መንገድ ትመኝልኛለህ?

ላቀች


ከረን
መስከረም 4 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለእትዬ ላቀች፤

ከዘመነ ዮሐንስ ወደ ዘመነ ማቴዎስ እንኳን አሸጋገረሽ። እንደ ሌላው ዓመት አበባ አየሽ ወይ ብዬ ልጽፍ ፈልጌ እጄ አልታዘዘልኝም።

የይለፍ ወረቀቱን ከለከሉኝ። አሁን መንቀሳቀስ አይቻልም አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተሳድቤ እተወው ነበር፤ አሁን ግን ቢሮው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። የሰው ዓይን አላሳፈረኝም።

የጻፍሽልኝን ሁሉ አንብቤዋለሁ፤ ደጋግሜ። አንዳንዱ ጥያቄ በወረቀት አይመለስም። ያሳደጉን እንደዚያ ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ፊደል መማርሽን ስሰማ እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ብቻሽን ቁጭ ብለሽ የምታነቢኝ መሆንሽ ያስፈራኛል።

የልምጩ መላ ግሩም ነው። በመንገድ ሥራ ስኖር እኔም አላሰብኩት። ነገር ግን እለምንሻለሁ፤ እሱንም ከመስቀል በፊት ሸክላ አፍስሺበትና ጠቅጥቂው። ለምን አትበይኝ። አዝለሽ ያሳደግሽኝ ታናሽሽ ነኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ እንደ ታላቅ ስሚኝ።

አልሰማህም ካልሽኝ ግን፣ ያ በቀትር የሚመጣው ደጃፍሽ ከደረሰ ክፈቺለት። ውጭ አታቁሚው።

አምሳሉ


ንፋስ መውጫ
ጥቅምት 8 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአምሳሉ፤

ለሰላምታ ዛሬ አቅም የለኝም። አንተም የምትጠብቀው አይመስለኝም።

ጠጠሩን አልጠቀጠቅኩትም። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ የቀረችኝ የመጨረሻዋ ዓይን ነበረች፤ በመስቀል ዋዜማ ሞላኋት። የዚያኑ ቀን ቀትር ላይ መጣ። የት ቆመ፣ የት ተመለሰ ብዬ ሳዳምጥ አልቆመም። ያንን ቀድሞ የሚያቅተውን ቦታ አለፈ። እግሩን እየጎተተ ደጃፌ ድረስ መጣ። እንዳልከኝ ከፈትኩለት።

ማንም አልነበረም። ጠጠሩ ላይ ፀሐይ ብቻ ነበረች። ውሻው ግን እየተቅለሰለሰ በአጠገቤ አልፎ ገባና ዋሴ ይተኛበት በነበረው መደብ ሥር ተጋደመ። ያን ጊዜ አወቅኩ። በሥጋ የመጣ ቢሆን ገና ከደጅ “እማ፣ ውኃ” ይለኝ ነበር። ልጄ ሞቷል አልኩ፤ ለራሴ፣ በድምፅ። ሰው ሳይነግረኝ ራሴን አረዳሁ።

ያንተም ነገር ያን ጊዜ ተፈታልኝ። በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ ማን አለ? በወረቀት አይጻፍም። ዘመድ ጎረቤቱ ተጠርቶ፣ ሳይነጋ፣ ኮቴ ሳያሰማ ቤቱ ይከበባል፤ ባለ ሐዘኑ ቀድሞ ሰምቶ ራሱን እንዳይጎዳ። ጠጠሬን ዝም ልታሰኝ የደከምከው ለጎርፍ አልነበረም። የውሻው፣ የየሺ፣ የአባ ነገር ሁሉ ለዚያ ነበር። አልተቀየምኩህም። እኔም አንተን ብሆን የማደርገው እሱን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሳይነጋ እየነቃሁ ጠበቅኳቸው። የሺም አጠገቤ ተኝታ የተኛች እየመሰለች ትጠብቃለች። በወጉ ሊያረዱኝ ነው፤ ወጉን አላበላሽባቸውም ብዬ ሆድ ይፍጀው አልኩ።

መጡ። ከታች፣ በሸክላው ላይ፣ ምንም አልሰማሁም፤ ሙያህን አልንቅም ብዬሃለሁ። ልምጩ ጋ ሲደርሱ ግን ጠጠሩ ተናገረ። የብዙ ሰው እግር ነበር። አንዱ ሲረግጥ ሁሉም ይቆማሉ፤ ጥቂት ቆይተው ደግሞ ይራመዳሉ። ተነሣሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩና በሩን ቀድሜ ከፈትኩላቸው።

አባ ገብረ ሚካኤል ከፊት ነበሩ። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ከኋላቸው ጓዴ ጫማውን በእጁ፤ ከእስቴ የመጣችው እኅታችን ብርቄ ጫማዋን በእጇ፤ ሁሉም እንደዚያ። ያን ሁሉ ሰው በባዶ እግሩ በዚያ ጥርስ ባለው ጠጠር ላይ ቆሞ ሳይ ቀድሞ የመጣብኝ ሐፍረት ነው። “እግርዎን ወጋዎ፣ አባ?” አልኳቸው። አባ አለቀሱ። መርዶ ነጋሪው ከባለ ሐዘኑ ቀድሞ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ብርቄ ትንገርህ፤ እኔ አላስታውሰውም።

የላክህባቸውን ቃል ሁሉ ነገሩኝ። የሞተው በመጋቢት መሆኑን፣ ጓደኞቹ በመንገድ ዳር እንደቀበሩት፣ አንተ በሐምሌ መቃብሩን ስታገኘው ጎርፍ አፈሩን እየበላው እንደነበር። ከላዩ ቦይ እንደቆፈርክለት። ዳር ዳሩን ድንጋይ ቀብረህ፣ ጠጠር አልብሰህ፣ ሸክላና አመድ አፍስሰህ፣ እስኪተኛ ድረስ እንደጠቀጠቅከው። ያንን የሐምሌውን ደብዳቤ አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ስለ ደጄ የጻፍክልኝ መስሎኝ ነበር።

ለቅሶው በዛ። የደብረ ታቦሩም፣ የወገዳውም ዘመድ መጣ። ያ ሁሉ ሕዝብ በዳገቱ ወጣ ወረደ፤ አንድ ሰው አልተንሸራተተም፤ አንዲት ጠጠር ከዓይኗ አልወጣችም። አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ “ይህን መንገድ ማን ሠራው?” ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ። “ዋሴ ነው” አልኳቸው።

አሁንም ቀትር ላይ ቁጭ እላለሁ። ምንም የለም። ውሻው ጆሮውን ቀስሮ ይጠብቅና መልሶ ይተኛል። ቤቱ ገብቷል መሰለኝ፤ የገባ ሰው ደግሞ በደጅ ኮቴ አያሰማም። እንደዚያ ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ግን ዝምታው ከበደኝ፣ አምሳሉ። ሲመጣ እየሰማሁ ያለቀስኩት ለቅሶ ከዚህ ይቀል ነበር።

የእሱን ጠጠር እይልኝ። ክረምቱ አንዳች አንሥቶበት እንደሆነም ጻፍልኝ፤ አሁን በወረቀት መጻፍ ይቻላል።

ይለፍ የሰጡህ ቀን፣ መቼም ይሁን መቼ፣ ና። በሰርዶው ዳር እንዳትመጣ፤ በጠጠሩ መሐል ና። ጫማህንም እንዳታወልቅ።

እኅትህ ላቀች